ፍሬይልቲ ምንድን ነው? የልደት ዘመን አይደለም

«ሴትዮዋ 78 ዓመታቸው ነው፣ ፍሬይል ናቸው፣ ጭንቅላታቸውን መክፈት ግፍ ነው።» ሰሞኑን ስለ አንዲት የአንጎል ዕጢ ታማሚ አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሲል አነበብኩ። ሴትዮዋን አይቷቸው አያውቅም። የሚያውቀው ዕድሜያቸውን ብቻ ነው። ይህን አነጋገር ከባለሙያዎችም እሰማለሁ፤ በዚህ የተነሳ መዳን የሚችል ሰው ስለሚቀር በጣም ያበሳጨኛል።

ፍሬይልቲ ማለት ሰውነት ለክፉ ቀን የያዘው ስንቅ መሳሳት ነው። ሁለት መንገደኞች በአንድ ቀን ተነሱ እንበል። ሜዳው ላይ እኩል ይሄዳሉ። ዳገቱ ሲመጣ የአንዱ ስንቅ ገና ግማሽ ነው፣ የሌላው ተሟጧል። ቀዶ ሕክምና ዳገቱ ነው። ማደንዘዣው፣ የሚፈሰው ደም፣ አልጋ ላይ መዋሉ፣ ሁሉም ከስንቁ ይቆነጥራል። የተነሱበትን ቀን ማወቅ ከረጢቱን ከፍቶ ማየት አይደለም።

አሜሪካዊቷ የአረጋውያን ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው በ2001 ያወጡት መስፈርት አምስት ነገር ያያል፦ ሳያስቡት መክሳት፣ ድካም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ ዝግ ያለ አረማመድ፣ የእንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱ ከተገኙ ፍሬይልቲ ይባላል። እኔ ደግሞ ታማሚው ከወንበር ተነስተው፣ ሦስት ሜትር ሄደው፣ ዞረው እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። ሲነሱ ወንበሩን ይደገፋሉ? ሲዞሩ ግድግዳ ይፈልጋሉ?

የአንጎል ዕጢ ላይ ግን ይሄም ያሳስታል። ዕጢው ራሱ ሰውን ያዳክማላ! ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ የገባበት መንገደኛ የሚጎተተው ስንቅ አልቆበት አይደለም፣ ሸክሙ ከብዶት ነው። ግንባር በኩል ያደገ ሜኒንጂዮማ (ከአንጎል ሽፋን የሚነሳ፣ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ) ሰውን ዝምተኛና ፈዛዛ ያደርጋል፣ ሽንት እስከ ማምለጥ ያደርሳል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከመታመማቸው በፊትስ እንዴት ነበሩ?» ብዬ ነው። ዴክሳሜታሶን የሚባል የእብጠት መድኃኒት ተሰጥቷቸው የአንጎሉ እብጠት ሲቀንስ በጥቂት ቀን ተነስተው የሚሄዱ አሉ። ድካማቸው ከድንጋዩ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን ስኳር ያንራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲቆይ የጭን ጡንቻ ያሳሳል። ራሱም ከስንቁ ይበላል።

«እና ሁሉም ይቀደድ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ዕድሜም የራሱ ጣጣ አለው። የሳንባ ምች፣ ከእግር ተነስቶ ሳንባ የሚዘጋ የደም መርጋት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ መቃዠት በዕድሜ ይጨምራሉ። አንጎል በዕድሜ ስለሚሟሽሽ ዕጢ ቦታ አግኝቶ ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። አንጎሉ ሲሟሽሽ የሚወጠሩት ደም ሥሮችም በቀላሉ ይደማሉ።

የዕጢው ዓይነትም ወሳኝ ነው። በአጋጣሚ የተገኘ፣ ምልክት የሌለው ትንሽ ሜኒንጂዮማ ብዙ ጊዜ በኤምአርአይ መከታተል ይበቃዋል። ምልክት ያመጣ ሜኒንጂዮማ ግን ተጠርጎ ከወጣ ብዙ ዓመት ሊያኖር ይችላል። ግላዮብላስቶማ የሚባለው በፍጥነት የሚያድግ የአንጎል ካንሰር ሌላ ነገር ነው፤ ቀዶ ሕክምና አያድነውም። በ2017 በወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ታማሚዎች በአጭር ጊዜ በሚሰጥ የጨረር ሕክምና ብቻ መካከለኛ የመኖር ጊዜያቸው (ግማሾቹ የኖሩት ቢያንስ ይህን ያህል ነው) 7.6 ወር ነበር፤ ቴሞዞሎማይድ የሚባል የካንሰር መድኃኒት ሲጨመርበት 9.3 ወር ሆነ። እዚህ ላይ ንግግርን ወይም እጅን የሚያሳጣ ቀዶ ሕክምና ያቺኑ ጊዜ ይበላል። ዕጢው ጥልቅ ከሆነ ናሙና መውሰዱ ሊበቃ ይችላል።

ደግሞ ስንቁ ሳሳ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ጥቂት ሳምንት ይሰጠናል። በዚያ ጊዜ ምግብ ይስተካከላል፣ ደም ማነስ ይታከማል፣ በፊዚዮቴራፒ እግር ይጠነክራል። ግላዮብላስቶማ ይህን ፋታ አይሰጥም።

እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው ሐኪም ጋ ከሄዱ ዕድሜያቸውን ፋይሉ ይናገራል። እርስዎ ከሕመሙ በፊት ብቻቸውን ይታጠቡ፣ ደረጃ ይወጡ፣ ሒሳባቸውን ራሳቸው ይይዙ እንደነበር ይንገሩ። እናትዎ ወይም አባትዎ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሳይጠየቁ ይናገሩ።