የማይሄደው ሳይክል፦ የቡድን ስፒኒንግ በደሴና በኮምቦልቻ ኑሮ ውስጥ

ስፒኒንግ ከቦታው በማይነቃነቅ ሳይክል ላይ፣ በአሰልጣኝና በሙዚቃ እየተመሩ፣ በቡድን የሚሠሩት የቤት ውስጥ ስፖርት ነው። አንዱ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ሳይክሉ አንድ ስንዝር አይሄድም፤ የሚወጣው ላብ ግን የዳገት ላብ ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ ስፖርት ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ቡቲክ ስቱዲዮ ይሏቸዋል። ክፍያው በየክፍለ ጊዜው ነው፤ ቦታው አስቀድሞ በስልክ ይያዛል፤ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሙዚቃው ይለቀቃል። እኛ ጋ መልኩ ሌላ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሳይክሉን የምታገኙት ተራ ጂም ውስጥ፣ ከትሬድሚሉ (ከመሮጫ ማሽኑ) እና ከብረቱ አጠገብ ነው። ሦስት አራት ሰው ተስማምቶ በአንድ ሰዓት ሲቀመጥበት ግን ያው ስፒኒንግ ነው። ለእኔ የዚህ ስፖርት ቁም ነገሩ የተቆረጠ ሰዓትና የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ስፖርት የሚተወው «ነገ እጀምራለሁ» እያለ ነው። ጓደኛው ሳይክል ላይ ተቀምጦ እየጠበቀው ከሆነ ግን ነገ ማለት ይከብደዋል።

ከየት መጣ

በቆመ ሳይክል መለማመድ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ መርከብ ጂም ውስጥ እንኳ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬውን መልክ ያስያዘው ጆኒ ጎልድበርግ የተባለ ሳይክለኛ ነው። ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ፣ መኖሪያው ካሊፎርኒያ። በ1980ዎቹ አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚያቋርጠው ውድድር ሲዘጋጅ፣ እንደ መንገድ ሳይክል እግር ላይ የሚሰማ የቤት መለማመጃ ፈለገና ራሱ ሠራ። ቀጥሎም ሌሎችን ያሠለጥንበት ጀመር። በ1994 ከሸሪኩ ጋር ማድ ዶግ አትሌቲክስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። «ስፒኒንግ» የሚለው ስም የዚህ ድርጅት የንግድ ምልክት ነው። ሰው ግን የታሸገ ውኃን ሁሉ «ሃይላንድ» እንደምንለው፣ የቆመ ሳይክል ላይ የሚሠራውን ሁሉ ስፒኒንግ ብሎታል።

በ2006 ኒው ዮርክ ላይ ሶልሳይክል ሲከፈት ቡቲክ ስቱዲዮው ፋሽን ሆነ። በ2012 የተቋቋመው ፔሎተን ደግሞ አሰልጣኙን በስክሪን ሰው ቤት ድረስ አስገባው። በኮቪድ ጊዜ ጂሞች ሲዘጉ ሽያጩ ጣሪያ ነካ፤ ጂሞቹ ሲከፈቱ ተመልሶ ወረደ። ሰው ሰው ናፍቆት ነው ብዬ ነው የምረዳው።

ሳይክል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረው ተመልሰዋል። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

መሬቱና አየሩ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። መሃላቸው ሐረጎ የተባለው ዳገት ነው። ሐረጎን በሳይክል መውረድ ያስደስታል፤ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ጭነት መኪናው አያቋርጥም፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ፊትን አያሳይም። ከተማው ውስጥም ቢሆን ከባጃጅና ከሚኒባስ ጋር እየተጋፉ ዳገት መውጣት ለጀማሪ አይመከርም። ከሥራ በኋላ ሲመሽማ ጭራሽ። ለዚህ ነው የቆመው ሳይክል እዚህ ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚያዋጣው።

ከፍታውን መናቅ አይገባም። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል። ከቆላ ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሹ ቶሎ ያጥረዋል። ጀማሪው ይህንን ካላወቀ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ለሰውነቱ ጥቂት ሳምንት ይስጠው። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሙቀቱ ነው። የቆመ ሳይክል የራሱን ንፋስ አያመጣም፤ ስለዚህ መስኮቱ ይከፈት፣ ፋን ካለ ወደ ሳይክሎቹ ይዙር፣ ውኃ ከእጅ አይራቅ።

ሳይክሉን ማወቅ

ከፊት ለፊቱ ከባድ የብረት ጎማ አለ። በብዙዎቹ ላይ ከ13 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከፔዳሉ ጋር በካቴና ወይም በቺንጋ ይያያዛል። ከመንገድ ሳይክል የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ በአብዛኞቹ ላይ እናንተ መርገጥ ብታቆሙም ፔዳሉ አይቆምም። ጎማው ኃይሉን እስኪጨርስ እግራችሁን ይዞ ይዞራል። በድንገት እግር መንቀል ቁርጭምጭሚት ያስመታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማጥበቂያዋን ተለማመዱ። ከመሪው ዝቅ ብላ ያለችው ናት። ስትዞር ፔዳሉን ታከብዳለች፤ በብዙዎቹ ሳይክሎች ላይ ወደ ታች ስትጫኗት ፍሬን ትይዛለች።

ቀጥሎ መቀመጫው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ የጉልበት ሕመም የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከሳይክሉ ጎን ቁሙ። መቀመጫው ከዳሌ አጥንታችሁ እኩል ይሁን። ከዚያ ውጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ግፉት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። አሁን የእግራችሁን የፊት መዳፍ ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ጉልበታችሁ በትንሹ ታጠፍ ይላል። ከልክ በላይ ከታጠፈ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ስትረግጡ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሏል። መሪውን ለጀማሪ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ማድረግ ወገብን ያሳርፋል። የተስማማችሁን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

የመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫ አጥንት ያማል። ይህ ያለ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ከተሠራ በኋላ ይለቃል።

አንድ ክፍለ ጊዜ ሲፈተሽ

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀላል ማሟሟቂያ ይጀመራል። ከዚያ ሜዳና ዳገት ይፈራረቃሉ። ሜዳ ሲባል ቀለል አድርጎ በደቂቃ ከ80 እስከ 110 ዙር መርገጥ ነው። ዳገት ሲባል ጠበቅ አድርጎ ከ60 እስከ 80 ዙር። አንዳንዴ ተነስቶ ቆሞ ይረገጣል። መጨረሻ ላይ ማቀዝቀዣና ማሳሳብ አለ። ዙሩን የሚቆጥር ስክሪን ከሌለ የቀኝ ጉልበታችሁን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። 20 ከሆነ 80 ዙር ማለት ነው።

ሙዚቃው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እግሩን የሚመራው እሱ ነው። በዚህ ወሎ የታደለ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከዚሁ አካባቢ የወሰዱ ናቸው። ፈጠን ላለው ዙር ጭፈራ፣ ለዳገቱ ከበድ ያለ ምት፣ ለማቀዝቀዣው ትዝታ። እኔ የተሻለ ምርጫ አላየሁም።

አንድ ማክሰኞ ማታ ደሴ ላይ እየሠራን መብራት ጠፋ። ትሬድሚል ላይ የነበረው ልጅ ቀጥ አለ። ስፒከሩ ዝም አለ። የእኛ አራት ሳይክሎች ግን አልቆሙም፤ ጎማውን የሚይዘው ተጭኖ የሚያከብደው ፍሬን ስለሆነ መብራት አያስፈልገውም። ጨለማው ውስጥ የሚሰማው የጎማው ሽውታና የእኛ ትንፋሽ ነበር። አሰልጣኙ ሳይክሉን አቁሞ ወረደና ማጨብጨብ ጀመረ። በመንዙማ ጭብጨባ መሃል ያደገ ሰው ምት መያዝ አይጠፋውም፤ እግራችን ወዲያው ያዘው። «አብሽሩ! አብሽሩ!» ይላል በየመሃሉ። አንድ ሰው በስልኩ መብራት አበራ። የቀረንን 20 ደቂቃ በጭብጨባ ጨረስነው። ከዚያ ቀን የተሻለ የሠራንበትን ቀን አላስታውስም።

ሥራና ሰዓት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሆኑ ሁለት የስፒኒንግ ቀኖች 90 ደቂቃ ይሆናሉ። በደንብ ላብ እስካወጣችሁ ድረስ ሁለት ቀን ዝቅተኛውን ልክ ይሞላል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ነው ልቤ ያረፈው። በየቀኑ ጂም ካልገባሁ ብሎ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም። ድርጅቱ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራም ይመክራል። በተጨማሪ ሳይክል የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም አጥንት ለማጠንከር ብዙ አይረዳም። ለዚያ የደሴ ዳገት አለ፤ ከፒያሳ ወደ ቤት በባጃጅ ፈንታ በእግር መውጣት።

ቢሮ ለሚውል ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይመቻል። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ያልቃል፤ ታጥቦ፣ ቁርስ በልቶ 2 ሰዓት ተኩል ሥራ ይደረሳል። ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ሰዎች ግን ጠዋት ሰርቪስ ስለሚያሯሩጣቸው ማታውን ይመርጣሉ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካውና እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉበት ከተማ ስለሆነ ብዙ ሰው በፈረቃ ነው የሚሠራው። ለፈረቃ ሠራተኛ ቋሚ ቀን አይሆንለትም፤ የሳምንቱን ፈረቃ አይቶ ሁለት ቀን መቁረጥ ይሻላል። ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይተኛ። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ላይ ዳገት መጫን ጉዳት ነው።

ምግብና ልማድ

ጠዋት ባዶ ሆድ ለማይስማማው ሰው ከግማሽ ሰዓት በፊት አንድ ሙዝ ወይም ቀጠን ያለ በሶ ይበቃል። በሶ ስፖርተኛ አዲስ ያገኘው ነገር አይደለም፤ መንገደኛ ድሮም የሚይዘው ስንቅ ነው። ከስፖርት በኋላ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ጥሩ ምግብ ነው። ውድ ዱቄት መግዛት ግዴታ አይደለም።

ጾም ሲገባ ሰዓቱ ይዛወር። በረመዳን ብዙዎች ከተራዊህ በኋላ ቀለል አድርገው ይሠራሉ፤ ከኢፍጣር በፊት ጠንካራ ዳገት ውኃ ያልጠጣ ሰውነትን ይጎዳል። በዐቢይ ጾም ደግሞ የዕለቱን ጾም ከፈቱ በኋላ ማታውን መሥራት ይስማማል።

ስለ ጫት በግልጽ ልናገር። አካባቢያችን ላይ ከምሳ በኋላ መቃም የተለመደ ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ከቃሙ በኋላ ሳይክል ላይ ወጥቶ ልብን እንደገና ማስሮጥ አደገኛ ነው። የስፖርት ቀን ሲሆን ጫቱ ይቅር። እንቅልፉም በዚያው ይስተካከላል።

መጠንቀቅ ያለብን

ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። ጤነኛውም ቢሆን የመጀመሪያ ቀን ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እኩል ልሁን ማለት የለበትም። ከባድ ስፒኒንግ ባልለመደ እግር ላይ ሲጫን የጡንቻ ሕዋስ እየፈረሰ ወደ ደም የሚገባበት ሁኔታ አለ፤ ሐኪሞች ራብዶ ይሉታል። በመጀመሪያ ቀን ስፒኒንግ ምክንያት ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ላይ በተደጋጋሚ ወጥቷል። ምልክቱ በሚቀጥሉት ቀናት የሚመጣ ከባድ የጭን ሕመምና እብጠት፣ እንዲሁም እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህን ያየ ሰው «ስፖርት ነው፣ ይለቀኛል» አይበል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ኩላሊት የሚጎዳ ነገር ነው።

መጠኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። እየረገጣችሁ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። አንድ ቃል ማውጣት ካቃታችሁ ማጥበቂያዋን አላሉ። ማንም አያየውም፤ ማጥበቂያዋ የእናንተው ናት። የ55 ዓመት እናትና የ22 ዓመት ልጇ ጎን ለጎን፣ በአንድ ሙዚቃ፣ እያንዳንዳቸው በአቅማቸው የሚሠሩበት ስፖርት እንዲህ ነው የተገኘው።

ልብስ ላይ፣ ሰፊ ሱሪና ረጅም ቀሚስ ፔዳሉ ይይዘዋል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚሰበሰብ ሱሪ ይሻላል፤ ሻርፕ ወይም ሒጃብ ጫፉ ውስጥ ይግባ። ሴቶች ለብቻ የሚሠሩበት ሰዓት መኖሩ ብዙ እህቶቻችንን ያመጣል። ጂም ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት እንኳ ለዚህ ለዩላቸው።

ስትጨርሱ ጎማው እስኪቆም ጠብቃችሁ ውረዱ። መሪውንና መቀመጫውን በፎጣ ጥረጉት፤ ላብ ብረቱን ያዝገዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣም ሰው አለ። ደሴ ላይ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በላብ የራሰውን ቲሸርት እዚያው ቀይሩና ጃኬታችሁን እስከ አንገት ዝጉ። በር ላይ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ይጠብቃችኋል።