ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፦ የአባባሉ ትርጉምና ኒካራጓ አሜሪካን የከሰሰችበት መዝገብ

«ተወው ባክህ፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።»

ይህን አባባል አብዛኞቻችን የሰማነው የተበደለ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሊከስ ሲነሳ፣ የሚወደው ሰው እጁን ይዞ ሲያስቀምጠው ነው። በቁጣ አይባልም፤ በሐዘኔታ ይባላል። የበደለህ ሰው ጉልበተኛ ነው፣ ብትከሰው ገንዘብህንም ዕድሜህንም ትጨርሳለህ እንጂ አትረታውም ማለት ነው።

ፍቺው ከገበሬ ቤት የወጣ ነው። መሬት ጠንካራም ቢሆን፣ ድንጋያማም ቢሆን፣ በሬ ጠምዶ ሞፈርና ቀንበሩን አዋዶ የታገለ ሰው ያርሰዋል። ሰማይ ግን ማረሻ አይደርስበትም። ንጉሥም እንደዚያው ነው ይለናል አባባሉ። «አይታረስ»ና «አይከሰስ» ቤት ስለሚመቱ ሁለቱ ነገሮች በጆሮ አንድ ይመስላሉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ የቀረችው «ም» ናት። «አይታረስም» ቢል የማይሆን ነገር ነው ማለት በሆነ። «አይታረስ» ሲል ግን «አይግባ»፣ «አይናገር» እንደምንለው ክልከላም ይሆናል። ሰማይ የማይታረሰው ስለማይቻል ነው፤ ንጉሥ የማይከሰሰው ስለተከለከለ ነው። አንዱን ፈጣሪ እንዲያ አደረገው፤ ሌላውን ሰዎች ደነገጉት። አባባሉ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ሲጠራቸው የሰው ድንጋጌ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ይታያል። ሰውን ከመክሰስ የሚያስቀረውም ይኸው መምሰሉ ነው።

ንጉሥ ለምን እንደማይከሰስ ለመረዳት የድሮውን ሙግት ማሰብ ይበቃል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። መንገደኛም ቢሆን ዳኛ ሁን ሲባል ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ፍርዱ ያልጣመው ይግባኝ እያለ ከዳኛ ወደ ዳኛ ሲወጣ መጨረሻው የንጉሡ ችሎት ነው። ዳኛው ሁሉ የሚፈርደው በንጉሡ ስም ነው። እንግዲህ ከንጉሥ ጋር ነጠላ የሚቋጥረው ማን ነው? ቢቋጥርስ ማን ዘንድ ይሄዳል? በ1955 (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ4ኛው አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑም የማይነካ መሆኑን ሲደነግግ፣ ሕዝቡ በአባባል ይዞት የኖረውን በቀለም አጸናው ማለት ይቻላል።

ዛሬ በዓለም መንግሥታት መካከል ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ ሳስብ ከኒካራጓ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

በ1984 መጀመሪያ በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው በኒካራጓ ወደቦች ውኃ ውስጥ ፈንጂ ተጠመደ። የካቲት 25 ቀን በኤል ብላፍ ወደብ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ፈንጂ ረገጡ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በኮሪንቶ፣ ቀጥሎም በፑርቶ ሳንዲኖ መርከቦች ተመቱ። ስለ ፈንጂው ከአሜሪካ መንግሥት ለመርከበኞች የተሰጠ ይፋ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ከፈንጂው ጀርባ የነበረው ግን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ነው። የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት በኒካራጓ ሥልጣን ላይ የነበረውን የሳንዲኒስታ ፓርቲ መንግሥት የሚወጉትን «ኮንትራ» የተባሉ አማፅያን ያስታጥቅና ያሠለጥን ነበር።

ኒካራጓ ያኔ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበራት ድሃ አገር ናት። ሚያዝያ 9 ቀን 1984 ዘ ሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበች። አሜሪካ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የመካከለኛው አሜሪካ ጉዳይ ከፍርድ ቤቱ ሥልጣን ውጭ እንዲሆን የሚጠይቅ ደብዳቤ ለተባበሩት መንግሥታት አስገብታ ነበር። በ1946 የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ስትቀበል ግን ይህን ለመለወጥ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ እንደምትሰጥ ቃል ገብታለች። ዳኞቹ ያን ቃል ጠቅሰው በኅዳር ወር ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለን አሉ። በጥር 1985 አሜሪካ ከዚህ በኋላ በክርክሩ አልገኝም ብላ ወጣች። በግንቦት የንግድ ማዕቀብ ጣለች። በጥቅምት ደግሞ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የተቀበለችበትን መግለጫ ጨርሳ አነሳች።

በመስከረም 1985 ዋናው ክርክር ሲሰማ የተከሳሽ ወንበር ባዶ ነበር። በከሳሽ በኩል ከቆሙት ጠበቆች አንዱ አብራም ቼይስ ነበሩ፤ በኬኔዲ ዘመን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ የነበሩ ሰው። የገዛ አገራቸውን ድርጊት በሕግ ፊት የተቃወሙትን ዜጎች ሳስብ ልቤ ይሞላል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የጉልበተኛውን አገር ሰው ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት በደል ነው።

ሰኔ 27 ቀን 1986 ፍርዱ ተነበበ። አሜሪካ ኃይል በመጠቀም፣ በሌላ አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ በመግባትና ሉዓላዊነት በመድፈር ዓለም አቀፍ ሕግ ጥሳለች፤ ካሣ ትክፈል ተባለ። በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች 12 ዳኞች ሲስማሙ 3 ተቃወሙ። ንጉሡ ተከሰሰ፤ ተረታም።

የአባባሉ ጥልቀት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በ94ኛው አንቀጹ፣ የተረታ አገር ፍርዱን ካልፈጸመ የረታው ወደ ጸጥታው ምክር ቤት መሄድ ይችላል ይላል። ምክር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ድምፅን በድምፅ መሻር የሚችሉ አምስት ቋሚ አባላት አሉ፤ አንዷ አሜሪካ ናት። ጥቅምት 28 ቀን 1986 ፍርዱ ይከበር የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ 11 አገሮች ደገፉ፣ 3 ድምፅ ተአቅቦ አደረጉ፣ አሜሪካ ብቻዋን ሻረችው። ከሳምንት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው በ94 ለ3 ፍርዱ ይፈጸም ቢልም የጉባኤው ቃል አስገዳጅነት የለውም። የድሮው ሙግተኛ ፍርድ ይዞ ሲመለስ አስፈጻሚው ራሱ ተከሳሹ ሆኖ እንደማግኘት ነው።

ታላቅ አገር ተጽዕኖዋን የምትጠቀምበት መንገድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ጦር ማዝመት አያስፈልጋትም። ደንቡ ሲረቀቅ በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የነበራት ቦታ ከ40 ዓመት በኋላ ይሠራላታል። ገበያዋን መዝጋትና መክፈት፣ ብድርና እርዳታ መስጠትና መንፈግ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። በየካቲት 1990 በኒካራጓ ምርጫ ሳንዲኒስታዎች ተሸንፈው ቪዮሌታ ቻሞሮ አሸነፉ፤ ማዕቀቡም በቀጣዩ ወር ተነሳ። የአሜሪካን እርዳታ አጥብቆ ይፈልግ የነበረው አዲሱ መንግሥት በ1991 ክሱን አነሳ፤ መዝገቡም ሳንቲም ሳይከፈል ተዘጋ።

እኛም ዘ ሄግ ደጅ ጠንተናል። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን፣ ትገዛት በነበረችው በናሚቢያ ጉዳይ ከሰው ስድስት ዓመት ተሟገቱ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፍለው፣ በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ። ያን ጊዜም «ሰማይ አይታረስ» ያለ ሳይኖር አይቀርም። ናሚቢያ ግን በመጋቢት 1990 ነፃ ወጣች፤ መንገዱንም የጠረገው ከጥቅምት 1966 ጀምሮ በጠቅላላ ጉባኤው የተካሄደው ትግል ጭምር ነው።

የኒካራጓም ፍርድ መዝገብ ቤት አልቀረም። በ2005 ፍርድ ቤቱ ኮንጎ ዩጋንዳን በከሰሰችበት ጉዳይ ያንን ፍርድ ጠቅሶ ዩጋንዳን ጥፋተኛ አላት። በ2022 ካሣው 325 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፤ በየዓመቱ 65 ሚሊዮን። ዩጋንዳ በዚያው ዓመት መስከረም የመጀመሪያውን 65 ሚሊዮን ከፈለች።