ከጣና ወለል በታች፦ በማሚቶና በጉድጓድ የሚሣል ምድር

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገር ሰው ከሥሩ ያለው ውሃ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እንኳ አይውጥም። ትልቁ ታሪክ ያለው ከውሃው በታች ነው።

ያን ታሪክ ለማንበብ የሚረዳው ዘዴ በነዳጅ ፍለጋ የታወቀው ሳይስሚክ ነው። ነገሩ የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ ከላይ ይላካል። አንዱን ንጣፍ ጨርሶ ሌላ ዓይነት ንጣፍ ሲያገኝ ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ወደ ታች ይቀጥላል። በየብስ ላይ ድምፁን የሚፈጥረው መሬት የሚያንቀጠቅጥ ከባድ መኪና ወይም የተቀበረ ፈንጂ ነው። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ግን በጀልባ የሚጎተት መሣሪያ ይበቃል።

ማሚቶው የሚነግረን ጊዜ እንጂ ጥልቀት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለስላሳ ደለልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጠንካራ ባዛልት፣ ማለትም ጥቁር ድንጋይ በምንለው፣ 5,000 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ የፈጀበት ማሚቶ በደለል ከሆነ የመጣው ከ750 ሜትር ነው፣ በባዛልት ከሆነ ከ2,500 ሜትር። ዳኛው ጉድጓድ ነው። የተቆፈረ ጉድጓድ ንጣፉ ስንት ሜትር ላይ እንደሚጀምርና ምን እንደሆነ ቁርጡን ይናገራል። የሚናገረው ግን ስለዚያች አንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ጣና ራሱ አሳይቷል። ሳይስሚኩ ከሐይቁ ወለል በታች አራት ጠንካራ ማሚቶ የሚሰጡ ንጣፎችን አወጣ። ምን እንደሆኑ ግን ከሥዕሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም ነበር። ከደለሉ በቱቦ ናሙና ሲወጣ የላይኛው ንጣፍ ደርቆ የጠነከረ ደለል ሆኖ ተገኘ። ሐይቁ ደርቆ ነበር ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው በዚህ ጥናት መሠረት፣ ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት የጣና መሃል ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር። ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል ማለት ነው። ከዚያ ውሃው እየጨመረ መጣ፤ መውጫ ስላልነበረው ጨው ጨው ማለት ጀመረ። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ፣ ጨዋማነቱም ጠፋ። ማሚቶው ብቻውን ቢሆን ይህ ሁሉ ጥቁር መስመር ሆኖ በቀረ።

የነዳጅ ማጠራቀሚያ አለት ሞዴል የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፣ በሰፊው ሆኖ። ከሳይስሚኩ የንጣፎቹ ቅርፅና ስንጥቃቸው ይወሰዳል። ከዚያ ምድሩ በኮምፒውተር ላይ በሚሊዮን ሊቆጠሩ ወደሚችሉ ትናንሽ ሳጥኖች ይከፈላል። እያንዳንዱ ሳጥን በአለቱ ውስጥ ምን ያህል ቀዳዳ እንዳለና ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ይሰጠዋል። ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ መሣሪያ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ያነባል። ከጥልቅ የሚመጣ ማሚቶ ግን 20 ሜትር ውፍረት ያለውን ንጣፍ እንኳ ላይለይ ይችላል። በጉድጓዶች መካከል ያለው በስታቲስቲክስ ስሌት ይሞላል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ አንድ ሞዴል ሠርቶ አያበቃም፤ መረጃውን እኩል የሚያሟሉ ብዙ ሞዴሎችን ይሠራል። ነዳጁ መውጣት ሲጀምር ደግሞ ከእውነተኛው ግፊትና ምርት ጋር እያስተያየ ያርማል። አንድ ሥዕል ብቻ ይዞ በሙሉ ልብ የሚናገርን ሰው እኔ አላምንም።

ከጣና ደለል በታችስ? እዚያ ሳይስሚክ ይቸገራል። አካባቢው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። ባዛልት ድምፁን ይመልሳል፣ ይበትናል፤ ከሥሩ ያለው ይደበዝዛል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ምድር በተፈጥሮ የምታስተላልፈውን ኤሌክትሪክ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት ከባዛልቱ በታች በአማካይ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው የደለል አለት እንዳለ ጠቆመ።

ያ አለት ምን እንደሚመስል ለመገመት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ መሳፈር ነው። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወረድ የዓባይ ገደል ራሱ እንደ ጉድጓድ ተከፍቶ ይታያል። ከላይ ባዛልት፣ ወረድ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ ከሥሩ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። የደለል አለት አለ ማለት ግን ነዳጅ አለ ማለት አይደለም። ነዳጁን የሚያፈልቅ አለት፣ የሚያጠራቅም አለት፣ እንዳያመልጥ የሚከድን አለት፣ የሚይዝ ቅርፅ፣ ይህም ሁሉ በትክክለኛው ጊዜ መገጣጠም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1973 ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው ኦጋዴን ውስጥ ይህ ተሟልቶ ስለነበር ነው። በጣና ዙሪያ ለሚሠራ ሞዴል ግን የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች የሚሞላው ቁጥር የሚመጣው ከዚያ ገደል ግድግዳ ነው።