ኢምፓላ እና በስሟ የሚወሩ ነገሮች

ረጅም ኮፈን፣ ከኋላ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ላሜራ፣ ስድስት ሰው ሳይጨናነቅ የሚቀመጥበት ሆድ። የድሮ የአሜሪካ መኪና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስባት የቼቭሮሌት ኢምፓላን ነው። ስሟን ባናውቅ እንኳ መልኳን በፊልም አይተነዋል። ፎቶዋ በወጣ ቁጥር አብሮ የሚወጣ ወሬም አለ፤ ገሚሱ ናፍቆት የወለደው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የሀብታም መኪና ነበረች»

ትመስላለች እንጂ አልነበረችም። የአምራቿ የጄነራል ሞተርስ የሀብታም መኪና ካዲላክ ነው። ቼቭሮሌት ከኩባንያው መኪኖች ሁሉ ርካሹ ነበር፤ ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢል እና ቢዊክ ሁሉም ከእሱ በላይ ናቸው። ኢምፓላ በ1958 ስትወጣ ደግሞ ራሷን የቻለች ሞዴል እንኳ አልነበረችም። ቤል ኤር የሚባለው ሞዴል ምርጡ ዓይነት ነበረች። ያኔ በሮቿ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ «ከመነሻዋ ለቤተሰብ የተሠራች» የሚባለውም ልክ አይደለም። ባለ አራት በሩ የመጣው በ1959፣ ራሷን ችላ ስትወጣ ነው።

ዋጋዋስ? የ1959ዋ ባለ አራት በር 2,600 ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት የመካከለኛ አሜሪካዊ ቤተሰብ ገቢ 5,400 ዶላር አካባቢ ነው። የግማሽ ዓመት ገቢ መሆኑ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛም በብድር ይደርስባታል። ግን በዚህ ዋጋ የሚሰጣችሁን ብታዩ ከሻጩ ጋር ትጣላላችሁ። ሬዲዮ ለብቻው ይከፈላል። የመሪ ማቅለያ ለብቻው። ማሞቂያ እንኳ ለብቻው፣ ያውም በዚያ የዲትሮይት ብርድ! ካምቢዮው ባለ ሦስት ማርሽ ማንዋል ሲሆን ዘንጉ ከመሪው ሥር ነው። ኦቶማቲክ ከፈለጋችሁ መጨመር ነው።

ታዲያ ሰው ምኗን ወደዳት? ጌጧን ነዋ። ርካሹ ቢስኬይን፣ መካከለኛው ቤል ኤር እና ኢምፓላ አካላቸውም ሻንሲያቸውም አንድ ነው። በ1960 ሞዴል ኢምፓላ ከኋላ በየጎኑ ሦስት ክብ መብራት ነበራት፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት። ጎረቤት ከሩቅ የሚለያት በዚያ ነው። ለዚያች አንዲት መብራት ሲል ብድሩን ያስረዘመ ሰው አይጠፋም ባይ ነኝ።

«ክንፉ መኪናዋን መንገድ ላይ እንድትረጋ ያደርግ ነበር»

ክራይስለር ኩባንያ ስለ ራሱ መኪኖች ክንፍ እንዲህ እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ነገሩ ግን ከመልክ ያለፈ አልነበረም። ፋሽኑን የጀመረው የጄነራል ሞተርስ የዲዛይን ኃላፊ ሃርሊ ኧርል ሲሆን፣ ሐሳቡ የተወሰደው ፒ-38 ከተባለ የጦር አውሮፕላን ጅራት ነው። መጀመሪያ የታየውም በ1948ቱ ካዲላክ ላይ ነው። ከዚያ እሽቅድምድም ሆነ። በ1956 የጄነራል ሞተርስ ዲዛይነሮች የክራይስለርን የ1957 መኪኖች ገና ለገበያ ሳይቀርቡ አዩአቸው። ቀጫጭን፣ ዝቅ ያሉ፣ ባለ ረጅም ክንፍ። ደነገጡ። ለ1959 ያዘጋጁትን ትተው እንደ አዲስ ጀመሩ። ያ ወደ ጎን የተኛው ሰፊ ክንፍ የዚያ ድንጋጤ ውጤት ነው። በ1961ዱ ኢምፓላ ላይ ክንፍ የለም። ጥቅም ቢኖረው ኖሮ በሁለት ዓመት ባልጣሉት።

«ሁሉም ኃይለኛ ቪ-8 ነበሩ»

ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በ1961 የመጣውን 409 የተባለውን ሞተር ነው። በጊዜው ግን ብዙ ቤተሰብ የገዛው ተራውን ቪ-8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር) ወይም ባለ 3.9 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደሩን ነው። የፈረስ ጉልበት ቁጥሩም ያሳስታል። ያኔ ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ጭስ ማውጫውና ሌላው ጭነት ሳይገጠምለት ነበር የሚለካው። አሜሪካኖች መለኪያውን ያስተካከሉት በ1972 አካባቢ ነው።

«የድሮ መኪና ብረት ነው፤ የዛሬው ፕላስቲክ»

በጣም የተስፋፋው ይሄ ነው፤ በጣም የሚጎዳውም ይሄ ነው። በመጀመሪያ ያን ያህል ከባድ አልነበረችም። የ1959ዋ ኢምፓላ ከ1,600 ኪሎ ብዙም አትዘልም። የዛሬው ላንድ ክሩዘር ከሁለት ቶን በላይ ነው።

በ2009 አይ.አይ.ኤች.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ተቋም ክርክሩን በተግባር ፈተነው። የ1959 ቤል ኤር (ከኢምፓላ ጋር አንድ አካል መሆኑን አስታውሱ) እና የ2009 ቼቭሮሌት ማሊቡ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ግራ ለግራ ተላተሙ። ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። የማሊቡ ፊት ጨረጨሰ፤ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን አልተነካም ማለት ይቻላል። የቤል ኤር ግን ራሱ የሰው ክፍል ነው የተጨማደደው። መሪው ወደ ሹፌሩ መጣ። ቀበቶ የለም፣ ኤርባግ የለም። ተቋሙ እንዳለው የማሊቡ ሹፌር እግሩን ቀለል ያለ ጉዳት ይደርስበት ነበር፤ የቤል ኤሩ ወዲያው ይሞት ነበር።

ቪዲዮው ሲወጣ ሌላ ወሬ ተወለደ። «ሞተሩን አውጥተውት ነው!» ተባለ። «ዝገት ነበር፤ ያ ቡናማ ብናኝ ምንድን ነው?» ተባለ። ሞተሩ ነበረ፤ ያው ስድስት ሲሊንደሩ። ብናኙም የሃምሳ ዓመት የመንገድ አፈር ነው።

ምስጢሩ የላሜራው ውፍረት ላይ አይደለም። የዛሬ መኪና ፊቱ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ ይሠራል፤ የግጭቱን ጉልበት እዚያው ይጨርሰዋል። የሰው ክፍሉ ግን እንዳይታጠፍ ሆኖ ይጠነክራል። በኢምፓላ ይህ ሐሳብ አልነበረም። ከ1958 እስከ 1964 ሻንሲዋ የኤክስ ቅርጽ ነበረው፤ ብረቱ መሃል ላይ ስለሚገናኝ ከጎን ለሚመጣ ግጭት በበሩ ሥር የሚከላከል ዘንግ የለም። ፍሬኑም በአራቱም ጎማ የድሮው የከበሮ ዓይነት ነው። በ1960 አሜሪካ ውስጥ መኪኖች በሚነዱት በየ100 ሚሊዮን ማይሉ አምስት ሰው ገደማ በመኪና አደጋ ይሞት ነበር። በ2019 አንድ ሰው ገደማ ነው።

«ነዳጅ ሲወደድ ሞተች»

በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ መጎዳቷ እውነት ነው። ማሽቆልቆሉ ግን ቀድሞ ጀምሯል። በ1965 በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጣ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ኩባንያው ኢምፓላ ላይ ተጨማሪ ጌጥ ደርቦ ካፕሪስ አለው፤ በ1966 ካፕሪስ ራሱን የቻለ ሞዴል ሆነ። እሷ ቤል ኤርን ያደረገችውን ካፕሪስ እሷን አደረጋት። ሙስታንግና ቼቬል የተባሉት አነስ ያሉ መኪኖችም ከ1964 ጀምሮ ገዢ መንጠቅ ይዘዋል። በ1977 ሰውነቷን ሲቀንሱላት ደግሞ ጥሩ ተሸጠች።

ስሙ በ1985 ቆሞ፣ በ1994 ተመልሶ፣ እንደገና ጠፍቶ፣ በ2000 የፊት ጎማ በሚነዳት መኪና መጣ። የመጨረሻዋ በየካቲት 2020 ዲትሮይት ውስጥ ተሠራች። ያኔ ገዢዎቿን የወሰዱባት ነዳጅ ቆጣቢ ትናንሽ መኪኖች አልነበሩም፤ ኤስዩቪና ፒክአፕ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከእሷ ይከብዳሉ።