ላ ፑኤርታ ዴል ቪኖ ምንድን ነው?

በስፔንኛ «የወይን ጠጅ በር» ማለት ነው። በደቡብ ስፔን፣ ግራናዳ ውስጥ፣ በአልሃምብራ ቤተ መንግሥት ግቢ የቆመ ጥንታዊ በር በዚህ ስም ይጠራል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲም በሩን አስቦ ለደረሰው አጭር የፒያኖ ሙዚቃ ይህንኑ ስም ሰጥቶታል።

አልሃምብራን የገነቡት የናስሪድ ሥርወ መንግሥት ሙስሊም ገዥዎች ናቸው። በ1492 እ.ኤ.አ. ግራናዳ በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ገባች። በ16ኛው መቶ ዘመን የግቢው ነዋሪዎች ከቀረጥ ነፃ የሆነ ወይን ጠጅ እዚህ በር ላይ ይሸጡ ስለነበር ስሙ ከዚያ እንደመጣ ይነገራል።

ደቡሲ ግን ግራናዳን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የስፔንን ምድር የረገጠው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ያውም በሰሜን፣ በፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ባለችው በሳን ሴባስቲያን። በሩን ያወቀው ከፖስትካርድ ነው። ወዳጁ የነበረው ስፔናዊው የሙዚቃ ደራሲ ማኑዌል ደ ፋያ ካርዱን ሲገልጸው፣ በሩ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደቆመና በቅስቱ አሻግሮ ፀሐይ ያጥለቀለቀው መንገድ እንደሚታይ ጽፏል። ደቡሲን የማረከው ይህ የጥላና የብርሃን ፍጥጫ ነበር።

ስለዚህ ሙዚቃው ውስጥ ድንጋዩንና ቅርጻ ቅርጹን አንፈልግ። ጥላውንና ፀሐዩን እንስማ። ደቡሲ ለተጫዋቹ ገና ከመነሻው የሰጠው ትእዛዝ፣ እጅግ የከረረ ኃይልና ፍቅር የተሞላ ልስላሴ በድንገት እየተጋፈጡ እንዲሄዱ ነው። ግራ እጅ ከኩባ የመጣውን የሃባኔራን ዳንስ ምት ይዞ፣ ያንኑ ወፍራም ድምፅ ሳይታክት እየደጋገመ ይሄዳል። ቀኝ እጅ አንዴ ጊታር በኃይል እንደሚገርፍ ጣት ይሆናል፤ አንዴ ደግሞ እንደ ደቡብ ስፔኗ የአንዳሉሲያ ዘፋኝ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ያዜማል። ሁለቱ እጆች በየራሳቸው ቅኝት የሚጫወቱ እስኪመስል ድምፆቹ ይጋጫሉ። ለእኔ የሥራው ውበት ያለው እዚህ ግጭት ላይ ነው፤ ለስላሳ አድርገው የሚጫወቱት ፒያኒስቶች ፀሐዩን ያጠፉብኛል።

ሥራው በ1913 በታተመው ሁለተኛው የ«ፕሬሉድ» (አጭር የፒያኖ ሥራ) መድብል ውስጥ ሦስተኛው ነው። ደቡሲ የፕሬሉዶቹን ርዕስ ከላይ አይጽፍም። ከመጨረሻው ኖታ በታች፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ከሦስት ነጥቦች ኋላ ያስቀምጠዋል። ኖታውን እያነበበ የሚጫወት ሰው የበሩን ስም የሚያገኘው ድምፁ ካለቀ በኋላ ነው።