ከመበለቶቹ ማጉረምረም እስከ ፓንትሪው ሰልፍ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተነሣው ማጉረምረም እህል ስላልነበረ አይደለም። ማዕዱ ነበረ፤ በየዕለቱ እደላ ግን ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ። ሐዋርያትም ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ስማቸውን ልብ በሉ፤ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። የተዘነጉትን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ለማዕዱ ተሾመ ማለት ነው።

አሜሪካ ለምንኖር ምእመናን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በማርች 2025 የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ምግብ ባንኮች ከአካባቢ ገበሬ የሚገዙበትን ገንዘብ አቋረጠ። ጁላይ 4 ቀን የተፈረመው ሕግ ደግሞ ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን መንግሥት ለምግብ መግዣ ከሚሰጠው ፉድ ስታምፕ አስወጣ። ሰልፉ ረዘመ፣ መጋዘኑ ሳሳ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ምግብ ባንክ መጋዘን ነው፤ ሕዝቡ የሚሰለፈው ምግቡን ለቤተሰብ በሚያድለው በፓንትሪው ደጅ ነው። ሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው ይመድብና ለቅርቡ ፓንትሪ ይደውል፤ ምን እንደጎደለና በየትኛው ቀን እንደሚረከቡ ይጠይቅ። ሳይደውሉ መኪና ሞልቶ መሄድ ለእነርሱ ሥራ መጨመር ነው።

ከዕቃ ይልቅ ገንዘብ ይበልጣል። ምግብ ባንክ በጅምላ ስለሚገዛ የእኛ 20 ዶላር ከሱቅ ከምናመጣው ጣሳ እጅግ የበለጠ ምግብ ይሆናል። በየሳምንቱ ማስቀመጥን 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 ያስተምረናል። በገና ሰሞን ሁሉም ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች የምሳ ማዕድ ሲያጡ ግን መደርደሪያው ይራቆታል። ጾመ ፍልሰታ የሚውለው ደግሞ በዚያው የትምህርት ዕረፍት ወቅት፣ በኦገስት ነው። በኢሳይያስ 58፥7 እንደተጻፈው እንጀራን ለተራበ መቁረስ የጾም ሥራ ነውና፣ በሱባኤው ከገበታ የቀረውን ወጪ ለዚያ ማዋል ነው።

ዕቃ የምትሰጡ ከሆነ ያበጠ፣ የዛገ፣ ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ጣሳ አይሆንም። ቤት የተፈጨ በርበሬና ሽሮ፣ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ የይዘት መግለጫ ስለሌለው አይቀበሉትም። የ50 ፓውንድ ሩዝ ጆንያም ችግር ነው፤ ከፋፍሎ ለማሸግ ብዙ ፓንትሪ ቦታም ፈቃድም የለውም። ባለ 1 ወይም 2 ፓውንድ የታሸገ ምስር፣ ሽምብራና ሩዝ፣ አነስተኛ ጠርሙስ ዘይት ይሻላል። ጾመኛው ቤተሰብ የሥጋ ጣሳ ይዞ ከመመለስ ይድናል፤ ሙስሊም ጎረቤታችንም ይበላዋል። ቤት አልባ ለሆነ ሰው ያለ መክፈቻ የሚከፈት ጣሳ ምረጡ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም እናቶቻችን ቅጹን አይተው ከሰልፉ ይመለሳሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ስም፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ብዛትና ገቢ ነው፤ እነርሱ ግን የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠየቁ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በእደላው ቀን ቅጹን በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የሚያስረዱ ሁለት ወጣቶች ከበሩ ላይ ይቁሙ፤ ስማቸውን አስቀድማችሁ ለፓንትሪው ኃላፊ አስመዝግቡ።