«ሰዶምና ገሞራ ሆነ»

አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ ብረቱን ይዘው ቆመዋል፤ ጎረምሶቹ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ። አንዲት እናት «ወይ ዘመን! ሰዶምና ገሞራ ሆነ እኮ አገሩ» አሉ። አንዱ ጎረምሳ ቀና ብሎ «እማማ፣ እሱ እኮ ሌላ ነው» ብሎ ሳቀ።

ልጁ አልተሳሳተም። ዛሬ ሰዶም ሲባል ሰው የሚያስበው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ነው፤ «ሰዶማዊ» የሚለውም ቃል ለዚሁ ቀርቷል። ገሞራ ግን ሌላ ሥራ አግኝታለች። ኤርታሌ በተነሣ ቁጥር «እሳተ ገሞራ» እያልን የዘፍጥረት 19ን እሳት እንጠራለን።

ታሪኩ የታወቀ ነው። ሎጥ ሁለት መላእክትን በእንግድነት ይቀበላል፤ የከተማው ወንዶች ቤቱን ከበው «እናውቃቸው ዘንድ አውጣቸው» ይሉታል። ኃጢአታቸው ታዲያ የቱ ነው? ሕዝቅኤል (16፥49) ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ እንጀራ መጥገብንና ድሀን አለመርዳትን ይጠራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። እኛ «ጠገበ» ስንል መቼ ስለ ሆድ ብቻ ሆነና!

ከጥንት ክርስቲያኖችም አንዳንዶቹ ዓይናቸው ያረፈው የሎጥ ደጃፍ ላይ ነው። የሮሙ ጳጳስ ቀሌምንጦስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሎጥ የዳነው እንግዳ በመቀበሉና እግዚአብሔርን በመፍራቱ ነው ይላል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦሪገንስ ይብሳል፦ ሎጥን ያተረፈው ቤቱን ለእንግዳ መክፈቱ ብቻ ነው፤ በተከፈተው ቤት መላእክት ገቡ፣ በተዘጉት እሳት ገባ።

እንዲህ ስላሉ ግን ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን ፈቅደዋል ማለት አይደለም። እንደዚያ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ ማጋነን ነው። አይሁዳዊው ፈላስፋ ፊሎን ገና በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኋላም ሌላው ቀሌምንጦስ፣ የእስክንድርያው መምህር፣ ሰዶምን ከዚሁ ድርጊት ጋር አያይዘዋታል። የሚገርመው ሁለቱም ነገሩን የሚጀምሩት ከጥጋብ ነው፦ ሀብት በዛ፣ ምኞት ልጓም አጣ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐንስ አፈወርቅ ሮሜ 1ን ሲሰብክ፣ እሳት መዝነቡ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነው ድርጊቱም ከተፈጥሮ ውጭ ስለነበረ ነው አለ። አውግስጢኖስም ሰዶምን በዚሁ ከሰሳት። ጎረምሳው የሚያውቀው ትርጉም የጸናው በእንዲህ ያለው ስብከት ነው።

እማማ ግን አልተከራከሩትም። ከወንበራቸው ጠጋ አሉና «ይምጡ አባባ፣ እዚህ ጫፏ ላይ ይቀመጡ» አሉ።